ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የተወሰደ መሬት፦ የዶጀርስ ስታዲየም ጉዳይ

በጁላይ 1950 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ በስተሰሜን ባሉ ኮረብቶች ላይ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ደብዳቤ ደረሳቸው። የላከው የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ነው። ደብዳቤው በዚህ ቦታ የመንግሥት ቤቶች ስለሚሠሩ ቤታችሁ ይገዛል፣ ትነሣላችሁ ይላል። ቀጥሎም ቃል ይገባል፤ አዲሶቹ ቤቶች ሲያልቁ ተመልሶ ለመግባት ቅድሚያ የምታገኙት እናንተ ናችሁ።

ዛሬ በቦታው ላይ የቆመው የዶጀርስ የቤዝቦል ስታዲየም ነው። 56,000 ሰው ይይዛል፤ ዙሪያውን 16,000 ያህል መኪና የሚያቆም አስፋልት ከቦታል። ከተነሡት ሰዎች በተገባው ቃል መሠረት ተመልሶ የገባ የለም፤ የሚገባበት ቤት አልተሠራምና።

ይህን ጉዳይ ኒውዮርክም ሎስ አንጀለስም የየራሳቸው አድርገው ይተርኩታል። ክለቡ ቀድሞ በነበረባት የኒውዮርክ ክፍለ ከተማ በብሩክሊን ወሬው ስለ አንድ ስግብግብ ባለሀብት ነው። ዋልተር ኦማሊ የሚባል ሰው ሕዝብ የሚወደውን ክለብ ለገንዘብ ሲል ነቅሎ ወሰደው ይባላል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ ዶጀርስ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ድሆች አፈናቅሎ ስታዲየም ሠራ ይባላል። በሁለቱም አባባል ውስጥ እውነት አለ፤ እኔን ግን አንዳቸውም አያጠግቡኝም። ክለቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ለመሄድ በወሰነበት በ1957 ሰፈሩ ከተራቆተ ዓመታት አልፈው ነበር። ነዋሪውን ያስነሣው መንግሥት ነው፣ ያውም በመልካም ሐሳብ። ላየው የምፈልገው ለድሃ ቤት ይሠራበታል ተብሎ የተወሰደ መሬት በምን መንገድ ተጉዞ ከአንድ ነጋዴ እጅ እንደገባ ነው። በመንገዱ ላይ ፖለቲካም፣ ንግድም፣ ስፖርትም የየድርሻቸውን ጨምረዋል።

ሦስቱ ሰፈሮች

እነዚያ ኮረብቶች የሚጠሩበት ቻቬዝ ራቪን የሚለው ስም የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት በአካባቢው መሬት ከነበረው ከሁሊያን ቻቬዝ ነው። ራቪን ሸለቆ ማለት ነው። በሸለቆውና በዙሪያው ባሉ ተዳፋቶች ላይ ፓሎ ቬርዴ፣ ላ ሎማ እና ቢሾፕ የሚባሉ ሦስት ሰፈሮች ነበሩ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ሲሆን አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ነበሩ። ቦታው ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ብዙም አይርቅም። ሆኖም መንገዱ በአብዛኛው አቧራ ነው፤ የመንገድ መብራት ብርቅ ነው፤ ፍየልና ዶሮ በየግቢው ይረባል፤ ጓሮው በቆሎና ቃሪያ ይበቅልበታል። የራሳቸው ትምህርት ቤትና የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው።

ሰዎቹ እዚያ የከተሙት ገጠር አማሯቸው ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በሎስ አንጀለስ ብዙ ሰፈሮች የቤት ሽያጭ ውል ላይ «ነጭ ላልሆነ ሰው አይሸጥም» የሚል አንቀጽ ይገባ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት የከለከለው በ1948 ነው። ስለዚህ የቻቬዝ ራቪን ሰው ቤቱን በገዛ እጁ፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ ጣውላ በጣውላ እየጨመረ የሠራው ሌላ ቦታ ስለማይሸጥለት ጭምር ነው። ከልጆቹም ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ነበሩ። የከተማው ባለሙያዎች ግን ቦታውን ሲያዩ የታያቸው የተጎሳቆለ ሰፈር ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በስም የሚጠራበት፣ ልጅ በማንም ቤት በልቶ የሚያድርበት ኑሮ በቅጻቸው ላይ መሙያ ቦታ አልነበረውም።

የ1949 ሕግ

በጁላይ 1949 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የቤቶች ሕግ ፈረሙ። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ብሩክሊንም ሎስ አንጀለስም ያለ እሱ አይገቡንም። ሕጉ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ይፈቅዳል። በአንደኛው ክፍሉ ከተሞች የተጎሳቆለ ሰፈርን በግዳጅ ገዝተው፣ አፍርሰው፣ መሬቱን ለግል አልሚ በርካሽ እንዲሸጡና የኪሳራውን ሁለት ሦስተኛ የፌዴራሉ መንግሥት እንዲሸፍን ያደርጋል። በሌላው ክፍሉ ደግሞ በመላ አገሪቱ 810,000 የመንግሥት ኪራይ ቤቶች እንዲሠሩ ይፈቅዳል።

ሎስ አንጀለስ ከዚህ 10,000 ቤት ደረሳት። ከ3,300 በላይ የሚሆኑት በቻቬዝ ራቪን እንዲሠሩ ተወሰነ። ኤሊዥን ፓርክ ሃይትስ የተባለውን ፕሮጀክት የነደፉት ሪቻርድ ኖይትራና ሮበርት አሌክሳንደር የተባሉ ታዋቂ አርክቴክቶች ናቸው። ባለ 13 ፎቅ የሆኑ 24 ሕንፃዎችና ባለ ሁለት ፎቅ የሆኑ 163 ቤቶች በወረቀት ላይ ተቀመጡ። ለነዋሪው ቤት ለቤት እየሄደ ሐሳቡን ያስረዳ የነበረው የባለሥልጣኑ ሹም ፍራንክ ዊልኪንሰን ነው። ዊልኪንሰን በሥራው የሚያምን ሰው ነበር። ዘር ሳይለይ ሁሉም በአንድ ግቢ የሚኖርበት ቤት ይሠራል ብሎ ያስብ ነበር፤ ቃሉን ሲሰጥም ከልቡ ነው የሰጠው። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያከብደው ይኸው ነው።

አብዛኛው ሰው አዘነ፣ ተከራከረ፣ በመጨረሻም ሸጦ ወጣ። ቤቶቹ ባዶ ሆኑ፣ ፈረሱ። ጥቂት ቤተሰቦች ግን ንቅንቅ አንልም አሉ።

ይህ ሲሆን የቤት ሻጮችና የአልሚዎች ማኅበራት በመንግሥት ቤት ላይ ዘመቻ ከፍተው ነበር። ወቅቱ የቀዝቃዛው ጦርነት መጀመሪያ ነው፤ አንድን ነገር ለመግደል «ሶሻሊዝም» ማለት ይበቃ ነበር። በዲሴምበር 1951 የከተማው ምክር ቤት ቀድሞ ያጸደቀውን ውል በ8 ለ7 ድምፅ ለመሰረዝ ወሰነ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተማው ውሉን ማፍረስ አይችልም ብሎ ቢፈርድም፣ በጁን 1952 በተደረገ ድምፅ መራጩ ሕዝብም የመንግሥት ቤትን ተቃወመ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ዊልኪንሰን መሬት የማስለቀቅ ክርክር በሚሰማበት ችሎት ምስክር ሆኖ ቀረበ። የመጣው ስለ ሰፈሩ መጎሳቆል የባለሙያ ቃል ሊሰጥ ነው። የባለ ይዞታዎቹ ጠበቃ ስለ ቤትና ስለ መሬት ሲጠይቀው ቆይቶ ከፊቱ ካለው ማኅደር አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ከ1931 ጀምሮ አባል የሆንክባቸውን ድርጅቶች፣ የፖለቲካም ሆኑ ሌላ፣ ንገረን አለው። ዊልኪንሰን የፖለቲካውን አልመልስም አለ። በቃ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጉዳዩ የቤት መሆኑ ቀረ። ምስክርነቱ ተሰረዘ፤ እሱም መጀመሪያ ከሥራው ታገደ፣ ኋላ ተባረረ። በርግጥ በዚያ ጊዜ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል እንደነበረ በኋለኛው ዘመን ታውቋል። ይህ ግን በጁላዩ ደብዳቤ ላይ ስለሰፈረው ቃል የሚለው ነገር የለም። ቃሉን የሰጠው የከተማው ባለሥልጣን እንጂ ፓርቲው አልነበረም። ዊልኪንሰን ከዓመታት በኋላ ለኮንግረሱ መርማሪ ኮሚቴም አልመልስም ብሎ በ1961 ወህኒ ወርዷል። በ2006 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ግን ሲጸጽተው የኖረው የራሱ እስራት ሳይሆን ቤታቸውን ልቀቁ ብሎ ያሳመናቸው የቻቬዝ ራቪን ሰዎች ነገር ነው።

በ1953 በተደረገው የከንቲባ ምርጫ ፕሮጀክቱን ሲደግፉ የኖሩት ፍሌቸር ባውረን ተሸንፈው የመንግሥት ቤት ተቃዋሚው ኖሪስ ፖልሰን ሥልጣን ያዙ። ፖልሰን ከዋሽንግተን ጋር ተደራድረው ፕሮጀክቱን አስቀሩት። ከተማው መሬቱን ከወጣበት ገንዘብ እጅግ ባነሰ ዋጋ፣ በ1.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ገዛው። ውሉ ላይ አንድ ገደብ ተጻፈ፤ መሬቱ የሚውለው ለሕዝባዊ ዓላማ ብቻ ነው።

የጉዳዩ ማጠፊያ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። መሬቱ የተወሰደበት ምክንያት በ1953 ሞቷል። ምክንያቱ ሲሞት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «የተነሡት ሰዎችስ?» የሚለው ነበር። ይመለሱ፣ ወይም ለተነጠቁት ቃል ተጨማሪ ካሳ ይከፈላቸው የሚል ሕግ አልነበረም። ባዶው መሬት ባለቤት ፍለጋ ዓመታት ተቀመጠ።

ብሩክሊን

አሁን አገር አቋርጠን ወደ ምሥራቅ እንሂድ። ብሩክሊን ዶጀርስ በዚያ ዘመን ከቤዝቦል ክለብ በላይ ነበር። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰንን አሰልፎ በከፍተኛው ሊግ ለአሥርት ዓመታት የቆየውን የጥቁሮች ክልከላ የሰበረ ቡድን ነው። ደጋፊው የመርከብ ጓሮ ሠራተኛ፣ አይሁድ፣ ጣሊያን፣ አይሪሽ፣ ጥቁር ነበር። ቡድኑ ለፍጻሜ እየደረሰ በሌላው የኒውዮርክ ክለብ በያንኪስ ይሸነፋል፤ ደጋፊውም በየዓመቱ «ቆይ ለከርሞ!» ይል ነበር። ኦክቶበር 4 ቀን 1955 ጆኒ ፖድረስ የተባለ ወጣት ኳስ ወርዋሪ በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ያንኪስን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ያ ከርሞ መጣ። ብሩክሊን ሳለ ያገኘው ብቸኛ ዋንጫ እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡድኑ አልነበረም።

ኦማሊ ጠበቃ ነው፤ ክለቡን ከ1950 ጀምሮ የመራው እሱ ነው። ሜዳው ኤቤትስ ፊልድ በ1913 የተከፈተ፣ 32,000 ገደማ ሰው የሚይዝ፣ 700 ያህል መኪና ብቻ የሚያቆም አሮጌ ስታዲየም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ነጩ ደጋፊ በመንግሥት ዋስትና በተገኘ ብድር ቤት እየገዛ ወደ ሎንግ አይላንድ ይወጣ ነበር። እሱ የሚመጣው በመኪና ነው፤ ማቆሚያ ካጣ ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያያል። በ1953 የቦስተን ብሬቭስ ወደ ሚልዋኪ ተዛወረ። እዚያ ካውንቲው የሠራለት ሰፊ ማቆሚያ ያለው አዲስ ስታዲየም ጠበቀው፤ በመጀመሪያው ዓመት 1.8 ሚሊዮን ተመልካች ገባለት። ዶጀርስ በብሩክሊን የሚያገኘው ወደ አንድ ሚሊዮን ነበር። ዶጀርስ ከሳሪ ክለብ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሊጉ ትርፋማዎች አንዱ ነበር። የኦማሊ ፍርሃት የነገ ነው። በእጥፍ የሚሸጥ ክለብ ጥሩ ተጫዋቾችን ይሰበስባል ብሎ አሰላ።

የፈለገው ቦታ በአትላንቲክና በፍላትቡሽ ጎዳናዎች መገናኛ ያለው ነው፤ ባቡሩም የምድር ባቡሩም እዚያ ይገናኛሉ። ስታዲየሙን በራሴ ገንዘብ እሠራለሁ አለ። ግን መሬቱ በብዙ ባለ ይዞታዎች የተከፋፈለ ስለሆነ ከተማው በ1949ኙ ሕግ አስለቅቆ በርካሽ እንዲሸጥለት ጠየቀ። የዚህ ቁልፍ በሮበርት ሞሰስ እጅ ነበር። ሞሰስ አንድም ቀን ተመርጦ ባያውቅም የኒውዮርክን መንገድ፣ ድልድይ፣ መናፈሻና ሰፈር የማፍረስ ፕሮግራም የሚመራ ሰው ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ የግል ክለብ የሚያተርፍበት ስታዲየም ሕዝባዊ ዓላማ አይባልም። ከፈለግህ በሌላው ክፍለ ከተማ በኩዊንስ፣ ፍላሺንግ ሜዶውስ፣ ከተማው ስታዲየም ይሠራና ትከራያለህ አለው። ኦማሊም ቡድኑ ኩዊንስ ከገባ የብሩክሊን ዶጀርስ መባሉ ያበቃል ብሎ እንቢ አለ።

የሞሰስን ክርክር ብቻውን ስሰማው ልክ ነው እላለሁ። የድሃ ቤት አፍርሶ ለባለሀብት መስጠት ነውር ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው በነዚያው ዓመታት በዚያው ሕግ ማንሃተን ውስጥ ሺዎችን አስነሥቶ መሬቱን የኦፔራና የሙዚቃ ማዕከል ለሆነው ለሊንከን ሴንተርና ለግል አልሚዎች ሰጥቷል። ኦፔራ ሕዝባዊ ከሆነ ቤዝቦል የማይሆንበትን ምክንያት አላስረዳም። የቃሉ ትርጉም ቁልፉን በያዘው ሰው ፈቃድ የሚወሰን ነበር።

በ1956 የግዛቱ መንግሥት ለብሩክሊን የስፖርት ማዕከል የሚሠራ ባለሥልጣን በሕግ አቋቋመ። ከተማው ግን ለጥናት ከተጠየቀው ገንዘብ ቅንጣቱን ብቻ ሰጥቶ አዳከመው። ኦማሊ በበኩሉ በ1956 እና በ1957 ጥቂት የሜዳው ጨዋታዎችን በጀርሲ ሲቲ አደረገ፤ ኤቤትስ ፊልድንም ለቤት አልሚ ሸጦ ተከራይ ሆነ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ሻንጣው እየታሰረ እንደሆነ ሊጠረጥር ይገባ ነበር።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1957 በኤቤትስ ፊልድ የመጨረሻው ጨዋታ ተደረገ። ዶጀርስ ፒትስበርግን 2 ለ 0 አሸነፈ። የተገኘው ተመልካች 6,702 ነው። ያን ሁሉ ዓመት በፍቅር የተጨናነቀ ሜዳ በዚያች ምሽት አራት አምስተኛ ያህሉ ባዶ ወንበር ነበር።

ከሄሊኮፕተር ላይ የታየ ባዶ መሬት

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቡድን ፍለጋ የተያዘው በፖለቲከኞች ነው። ሮዛሊንድ ዋይማን በ1953 በ22 ዓመቷ ለከተማው ምክር ቤት ስትመረጥ ከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ክለብ አመጣለሁ ብላ ተወዳድራለች። የካውንቲው ተመራጭ ኬኔት ሃንም እንዲሁ ይሯሯጥ ነበር። በፌብሩዋሪ 1957 ኦማሊ በሎስ አንጀለስ የሚጫወተውን የታችኛው ሊግ ክለብና ሜዳውን ገዛ። በሊጉ ደንብ ይህ ማለት ግዛቱን ያዘ ማለት ነው። በሜይ ከተማውን በሄሊኮፕተር ሲዞር ከታች የታየው አውራ ጎዳናዎች በሚገናኙበት አጠገብ ያለ፣ ከመሀል ከተማ በደቂቃዎች የሚደረስ፣ ባዶ የሚመስል ሰፊ መሬት ነበር። ባዶ የሆነበትን ምክንያት ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

የሊጉ ክለቦች ዶጀርስ ብቻውን ከሄደ አንፈቅድም፤ ኒውዮርክ ጃያንትስም ወደ ካሊፎርኒያ ከሄደ እንፈቅዳለን አሉ። ለአንድ ተጋጣሚ ብቻ አገር አቋርጦ መብረር አያዋጣም ነበርና። ጃያንትስ ሳን ፍራንሲስኮን መረጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ቤዝቦል በ1922 በተሰጠ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ነፃ ነው። ስለዚህ የክለብ ቁጥር ውስን፣ ክለብ የሚመኝ ከተማ ግን ብዙ ነው። ክለቡን የያዘ ሰው ከተማን ከከተማ ያጫርታል። ይህን በኮንግረስ ቀርቦ እንዲያስረዳ ኦማሊን ከጠየቁት አንዱ የብሩክሊኑ ተወካይ ኢማኑኤል ሴለር ነበሩ።

በኦክቶበር 7 ቀን 1957 የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት ድምፅ ሊሰጥ ሲል ዋይማን ለኦማሊ ስልክ ደወለች። ከጸደቀ ትመጣለህ ወይ? ብላ ጠየቀችው። ኦማሊም ማረጋገጫ አልሰጣትም፤ በኒውዮርክ ቢሳካለት ብሩክሊን መቅረትን እንደሚመርጥ ነገራት። ይህን ከዓመታት በኋላ ራሷ ተናግራዋለች። ወደ አዳራሹ ተመልሳ ለባልደረቦቿ ያን አልነገረችም። ውሉ 10 ለ 4 ጸደቀ፤ በማግስቱ ዶጀርስ መምጣቱን አስታወቀ። መራጭ የወከላት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ዝም ማለቷን ልቀበለው አልችልም፤ የብዙ ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ንብረት የሚሰጥበት ድምፅ ነበር።

ውሉ ይህን ይመስላል። ከተማው በቻቬዝ ራቪን 300 ኤከር ገደማ፣ ማለትም 120 ሄክታር ያህል፣ ለክለቡ ይሰጣል፤ ለመሬት ማስተካከያ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። ካውንቲው ለመዳረሻ መንገዶች ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ይመድባል። ክለቡ በምትኩ በቅርቡ የገዛውን የታችኛው ሊግ ሜዳ ለከተማው ያስረክባል፣ 50,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየምም በራሱ ወጪ ይሠራል። ሜዳው 9 ኤከር ነበር።

ድምፅ፣ ፍርድ፣ ቡልዶዘር

ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ውሉን ለሕዝብ ድምፅ አበቁት። ከተቃዋሚዎቹ መካከል በእውነት ለሕዝብ ገንዘብ የተቆረቆሩ ነበሩ፤ ጥቅማቸው የተነካባቸውም ነበሩ። ድምፁ ከመሰጠቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጁን 1 ቀን 1958፣ ለአምስት ሰዓት የዘለቀ የቴሌቪዥን ቅስቀሳ ተላለፈ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ተዋናዩ ሮናልድ ሬገን ሳይቀር ውሉን ደግፎ ተናገረ። ከ670,000 በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ውሉ በ26,000 ገደማ ብልጫ አለፈ።

ከዚያ ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የመጀመሪያው ዳኛ ለሕዝባዊ ዓላማ ብቻ ተብሎ የተያዘ መሬት ለግል ክለብ አይሰጥም ብለው ውሉን ውድቅ አደረጉ። በጃንዋሪ 1959 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሻረው። ውሉ በጥቅሉ ይታያል፤ ከተማው ሕጋዊ የሕዝብ ጥቅም እስካገኘበት ድረስ አንዳንዱ አንቀጽ ክለቡን ብቻ መጥቀሙ ውሉን አያፈርሰውም አለ። ብሩክሊን ላይ ሞሰስ «አይቻልም» ያለው ነገር ሎስ አንጀለስ ላይ በሕግ ተቻለ።

የሜይ 7 ቀን 1959 ምሽት። ዶጀርስ በጊዜያዊነት በሚጫወትበት በኮሎሲየም 93,103 ሰው ተሰበሰበ። የመጡት ለሮይ ካምፓኔላ ክብር ነው። ካምፓኔላ በጃንዋሪ 1958 በመኪና አደጋ ሽባ የሆነ፣ በሎስ አንጀለስ አንዲት ጨዋታ እንኳ ያልተጫወተ የብሩክሊን ጀግና ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ ወደ ሜዳ ሲገባ መብራቱ ጠፋ፤ ሰውም ክብሪቱን ጫረ። ጨለማው በሺህ ትናንሽ እሳት ተሞላ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሃያ አራት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሸሪፍ ፖሊሶች ወደ ቻቬዝ ራቪን ወጡ። እስከ መጨረሻው ከቆዩት አንዱ ቤተሰብ ቤቱን የሠራው በ1920ዎቹ ነው። ከተማው የተመነላቸው 10,050 ዶላር ነው፤ እነሱ 17,500 ያወጣል ብለው ገንዘቡን አልነኩትም። ፖሊሶቹ በሩን ሰብረው ገቡ። አንዲት ሴት አልወጣም ብላ ስትታገል አራት ፖሊሶች እጇንና እግሯን ይዘው በአየር ላይ ተንጠልጥላ በደረጃው አወረዷት። ልጆች ያለቅሳሉ። አያቲቱ ድንጋይ ወረወሩ። ዕቃው ተጭኖ ከወጣ በኋላ ቡልዶዘሩ ቤቱን በደቂቃዎች ውስጥ ደመሰሰው። ይህ ሁሉ በካሜራ ተቀርጾ ከተማው በየሳሎኑ አየው። ቤተሰቡ ፍርስራሹ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ከረመ።

ለጥቂት ቀን ከተማው አዘነ። ከዚያ ጋዜጦች ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ቤቶች እንዳሉት ጻፉ፤ ሐዘኑም ወደ ቁጣ ተለወጠ። እኔ ይህን ሽግግር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሰው ሌላ ቤት ስላለው የተነጠቀው ቤት በተገቢው ዋጋ መገመት የለበትም ማለት ነው? ደግሞስ ከእነሱ በፊት ቃሉን አምነው በጸጥታ የወጡት ሌላ ቤት ያልነበራቸው አንድ ሺህ ቤተሰቦች የማን ካሜራ አያቸው?

ማን ምን አገኘ

ስታዲየሙ ኤፕሪል 10 ቀን 1962 ተከፈተ፤ ዶጀርስ በሲንሲናቲ 6 ለ 3 ተሸነፈ። ኮረብታ ተቆርጦ ሸለቆ ተሞልቷል፤ የተንቀሳቀሰው አፈር 8 ሚሊዮን ኪዩቢክ ያርድ ይደርሳል። የፓሎ ቬርዴ ትምህርት ቤት ጣሪያው ተነሥቶ ግድግዳው እንዳለ በአፈር ተሞላ፤ ዛሬ መኪና ይቆምበታል። በመጀመሪያው ዓመት ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ገባ።

ለኦማሊ ልፈርድለት የሚገባኝም አለ። ሕንፃውን በገዛ ገንዘቡና በብድር ነው የሠራው፤ የግል ንብረት ስለሆነም የንብረት ግብር ይከፈልበታል። ኒውዮርክ ዶጀርስን ካጣች በኋላ ሜትስ የተባለ አዲስ ክለብ አቋቁማ ሼይ ስታዲየምን በ1964 በሕዝብ ገንዘብ ሠራች፤ ቦታውም ሞሰስ ለኦማሊ ያሳየው ፍላሺንግ ሜዶውስ ነው። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ከተሞች ለክለብ ባለቤቶች ስታዲየም ሠርተው ሲያስረክቡ ለሚያይ ሰው የኦማሊ ውል የከፋው አይደለም። ሆኖም ለአዳዲስ ስታዲየም ሌሎች ያወጡት ገንዘብ ነው። እዚህ የተሰጠው መሬት ነው፤ መሬት ደግሞ ይወልዳል። የኦማሊ ቤተሰብ በ1998 ክለቡን ከነስታዲየሙና ከነመሬቱ በ311 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ። በ2012 ክለቡ እንደገና ሲሸጥ ዋጋው ከ2 ቢሊዮን አልፏል።

ኤቤትስ ፊልድ ከፌብሩዋሪ 1960 ጀምሮ የቤዝቦል ኳስ በሚመስል ቀለም በተቀባ የብረት ኳስ ተመትቶ ፈረሰ። በቦታው 1,300 ያህል ቤተሰብ የሚይዙ አፓርታማዎች ቆሙ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለቤት የታሰበ መሬት ስታዲየም ሲሆን፣ ብሩክሊን ውስጥ ስታዲየሙ ቤት ሆነ።

ብዙ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የሎስ አንጀለስ ቤተሰቦች ለዓመታት ወደዚያ ስታዲየም እግራቸውን አላነሡም። ከዚያ በ1981 ከሶኖራ ገጠር የመጣ፣ እንግሊዝኛ የማይችል የ20 ዓመት ወርዋሪ ፈርናንዶ ቫሌንዙዌላ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ፤ መቀመጫዎቹ በስፓኒሽ በሚጮኹ ሰዎች ተሞሉ። ይህን «ዕርቅ» የሚሉ አሉ። እኔ ዕርቅ አልለውም፤ ለዕርቅ ሁለት ወገን ተቀምጦ መነጋገር አለበት። በ2024 የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች የተነሡትን ቤተሰቦች ጉዳይ መርምሮ ካሳን የሚያይ ሕግ አሳልፈው ነበር፤ አገረ ገዢ ጋቪን ኒውሰም ሳይፈርሙ መለሱት።

ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ አንባቢዎች በ110 አውራ ጎዳና ስታልፉ ኮረብታውን ታዩታላችሁ። ከስታዲየሙ ጎን ኤሊዥን ፓርክ አለ። ከሦስቱ ሰፈሮች የተነሡ ሰዎችና ልጆቻቸው በየዓመቱ በበጋ እዚያ ይገናኛሉ፤ ምግብ ያቀርባሉ፣ የድሮ ፎቶግራፍ ይዘረጋሉ፣ የትኛው ቤት የት እንደነበረ ለልጅ ልጆቻቸው በጣታቸው ያሳያሉ። ራሳቸውን ሎስ ዴስቴራዶስ ይላሉ፤ ከአፈራቸው የተነቀሉ ማለት ነው።